በሳህኑ ጠርዝ የወጡት

ጥቅምት 11

ለእህቴ ልጅ፣

በወሩ መጀመሪያ የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ሰላምታው ግን አጥሮብኛል። «ጋሼ እንደምን ነዎት» ብለሽ በቀጥታ ወደ ጥያቄ ገባሽ። እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለላኪው ይመለስ ነበር። ያሳደግኩሽ እኔ ስለሆንኩ ግን ጥፋቱ የጋራችን ነው፤ እመልስልሻለሁ።

አዎ፣ አድራሻው ተቀይሯል። አይ፣ የፖስታ ቤት ስህተት አይደለም። ፖስታው ላይ ያየሽው ስም የአረጋውያን መኖሪያ ስም ነው። ሆቴል ነው ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ማኅተሙ አጋለጠኝ። ከሐምሌ ጀምሮ እዚህ ነኝ። አርጅተው ነው ወይ ብለሽ እንዳታስቢ። ያረጀው ቤቱ ነው። ጣሪያው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ መኝታ ቤቴ ገባ፤ ደግነቱ እኔ ወጣ ብዬ ነበር። ያልነገርኩሽ ሥራ ላይ ስለነበርሽ ነው። ይህ መልስ እንደማያጠግብሽ አውቃለሁ፤ ሌላ ግን የለኝም።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ አትክልቱንና የአትክልቱን በር ያሳያል። አብሮኝ የሚኖረው ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ሳወራው ቃሌን ትቶ ጥርሴን ያዳምጣል። ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ «ትል ትጠብቃለች» ከማለት ማለፍ አቃተኝ፤ እሱም ያዘነልኝ መሰለኝ። ሥራሽን በደንብ አስረድተሽ ጻፊልኝና ከዚህ ሐዘኔታ አውጪኝ።

አጎትሽ


ጥቅምት 24

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ፣ እንደምን ዋሉ፣ እንደምን ያመሻሉ። ይህ ያለፈውን ደብዳቤም ጭምር ይሸፍናል። ጣሪያ ሲወድቅ ይነገራል፣ ጋሼ። ተቀይሜያለሁ፤ ቅያሜውን ግን ፊት ለፊት ስንገናኝ ስለምፈልገው አሁን በወረቀት አላባክነውም።

ለጥርስ ሐኪሙ እንዲህ ይበሉልኝ። ትሎቹ ድቡልቡል ትሎች ናቸው፤ ሰው ሆድ ውስጥ የሚገቡት ሳይሆኑ አፈር ውስጥ የሚኖሩት። ቁመታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ገላቸው እንደ መስታወት ስለሆነ ቁርሳቸውን ሲውጡ ይታያል። ሴትም ወንድም በአንድ አካል ስለሆኑ የሠርግ ጣጣ የለባቸውም። ጄሊ በፈሰሰበት ሳህን ላይ ባክቴሪያ እየበሉ በሦስት ቀን ያድጋሉ፣ በሦስት ሳምንት ግድም አርጅተው ይሞታሉ። የምንወዳቸውም ለዚህ ነው። የሰውን እርጅና ከዳር እስከ ዳር ለማየት ሰማንያ ዓመት ይጠይቃል፤ የእኔ ውል ደግሞ የሁለት ዓመት ነው። ከጂኖቻቸው ብዙዎቹ የእኛን ስለሚመስሉ፣ እነሱ ላይ ያየነው ነገር አንዳንድ ጊዜ ስለ እኛም ይናገራል።

እኔ የምጠይቀው ስንት ቀን ይኖራሉ ብዬ አይደለም፤ ስንቱን ቀን በደህና ይኖራሉ ብዬ ነው። አንድ ጂን ያዳከምንባቸው ትሎች አሉኝ። በዝርዝራችን ላይ አርባ አንደኛ ስለሆኑ «አርባ አንድ» እላቸዋለሁ። እነዚህ ቀስ ብለው ያረጃሉ ብዬ አራት ዓመት ተከራክሬያለሁ፤ ሁለቱን በትምህርት ቤት፣ ሁለቱን እዚህ።

«ትል መሞቱ በምን ይታወቃል» ለሚሉኝ፦ አፍንጫውን በመንካት። ብረት ያቆስለዋል፤ ስለዚህ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ አንድ የቅንድብ ፀጉር በሙጫ ለጥፈን እንነካዋለን። ከተነቃነቀ አለ፤ ካልተነቃነቀ የለም። የእኔ ቅንድብ ከዚህ የተነሳ እየሳሳ ነው፤ ሰው ሲያየኝ ሁልጊዜ የተገረምኩ ይመስለዋል።

ሥራው ደህና ነው። አየሩ ቀዝቅዟል።

ልጅዎ


ኅዳር 3

ለእህቴ ልጅ፣ ለተገረመችው፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በስስ ወረቀት የተጠቀለለ አሥራ አራት የቅንድብ ፀጉር አባሪ ሆኖ ተልኳል። የሰባ ስምንት ዓመት ቅንድብ ስለሆነ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ አንዳንዱ ራሱን ችሎ ይቆማል። የነቀለው የጥርስ ሐኪሙ ነው። መንቀል ናፍቆት ስለነበር ያለ ማደንዘዣ፣ በሙሉ ደስታ ሠርቶታል። ከግራው ስለጀመረ አሁን በግራ በኩል ጨዋ፣ በቀኝ በኩል ሽፍታ እመስላለሁ።

ተመችቶኛል ወይ ብለሽ ካሰብሽ፣ ተመችቶኛል። ምሳ በሰዓቱ ነው፤ ስም ተጠርቶ ነው የሚበላው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሠላሳ አራት ዓመት በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ቀሪ ስመዘግብ፣ የወላጅ ደብዳቤ ሳነብ ኖሬያለሁ። «ልጄ ደህና ነው፤ አየሩም ቀዝቅዟል» የሚል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እዚያ ቤት አንድ ነገር ተሰብሯል ማለት ነው። ምን ተሰበረ? አቆጣጠራችሁስ እንዴት ነው? ዝርዝሩን ጻፊ፤ ቅጽ ካለም ቅጹን።

አጎትሽ


ኅዳር 17

ውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ጉልበቴ ግን ትንሽ ስለሆነ ብዛቱን እርስዎ ይሙሉልኝ። ቅንድቡ ግሩም ነው። የሥራ ባልደረቦቼ አንድ አንድ ለምነውኛል፤ አልሰጠሁም።

የተሰበረችው አርባ አንድ ናት። ቆጠራው አለቀ። ተራው ትል በአማካይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረ፤ አርባ አንድም አሥራ ዘጠኝ። በእርጅና ዘመን የመንቀሳቀስ ልዩነትም በቁጥሩ ላይ አልታየም። የላብራቶሪያችን ኃላፊ በታኅሣሥ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ልትዘጋው ነው። ከኋላዋ ሚዛን እንላታለን፤ «ደህና አደርሽ» ሲሏት እንኳ አመዛዝና ነው የምትመልሰው። አርባ አንድ ከተዘጋች ውሌም አብሯት ይዘጋል፤ አራት ዓመቴም። ላስጨንቅዎ ስላልፈለግኩ ነበር አየሩን የጻፍኩት።

የሚያበሳጨኝ፣ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። በእርጅናቸው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ጋሼ። ሚዛን ዓይን ቁጥር አይደለም ትላለች፤ እውነቷን ነው።

አቆጣጠሩ ይህን ይመስላል። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ ያለ፣ የሞተ፣ የጠፋ። የጠፋ የምንለው በሳህኑ ጠርዝ ወጥቶ፣ የፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ደርቆ የምናገኘውን ነው። በእርጅና ስላልሞተ ሙሉ በሙሉ ከሂሳቡ ይወጣል። ቅጹን ሚዛን ራሷ ከሠላሳ ዓመት በፊት አዘጋጅታዋለች፤ እዚህ ቤት ማንም ሌላ ቅጽ አያውቅም።

ልጅዎ


ኅዳር 28

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የማጽናኛ ቃል ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ሁሉ መቃብር ላይ የሚነገር ዓይነት ስለሆነ ተውኩት። በምትኩ የራሴን ንዴት ልጻፍልሽ፤ ቢያንስ ሐሳብሽን ያስቀይራል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንዲት የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ መጥታ የነዋሪዎችን ብርታት መዘነች። ምዘናው ከወንበር መነሳትና ስድስት እርምጃ መራመድ ነው። ሐሙስ ዕለት ውጤቱ ተለጠፈ። ከሠላሳ አንድ ሰው ያለ ድጋፍ የተራመዱት አራት ናቸው። ስለዚህ የዚህ ቤት ነዋሪ ደካማ ነው ተባለ፤ ደካማ ሰው ደግሞ ብቻውን መውጣት ስለሌለበት የአትክልቱ በር እንዲቆለፍ ተወሰነ።

እኔ ከሠላሳ አንዱ ውስጥ የለሁበትም። እኛ ዘጠኝ ሰዎች በየማለዳው በዚያ በር ወጥተን እስከ ድልድዩ ሄደን እንመለሳለን፤ ሁለት ኪሎ ሜትር። የጥርስ ሐኪሙም አለበት፤ መንገድ ላይ የውሾችን ጥርስ ይመረምራል። ማክሰኞም ሄደናል። ዘጠኛችንም «ያልተገኙ» ተብለን ከወረቀቱ ግርጌ ተጽፈናል። ባለሙያዋ ዘንድ ሄጄ አነጋገርኳት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ያልተገኘ ሰው እንዴት ይመዘናል አለችኝ።

«እሱንማ ተይው፤» አልኳት፣ «የት ሄደው ነው ያልተገኙት ብለሽ ጠይቂ።»

ሠላሳ አራት ዓመት ቀሪ የመዘገበ ሰው ይህን ያውቃል። የታመመውም ይቀራል፤ ኳስ ሊጫወት አጥር የዘለለውም ይቀራል። መዝገቡ ላይ ሁለቱም ያው አንድ ጭረት ናቸው። ጭረቱን ብቻ ያየ ዲሬክተር አጥር ዘላዩን ሕክምና ይልከዋል።

ይህ ሁሉ ከአንቺ ሐዘን ጋር አይገናኝም። ተናድጄ ነው የጻፍኩት።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 5

ጋሼ፣

ስለ ሰላምታው ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እየቸኮልኩ ነው።

ደብዳቤዎን ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር የማነበው። አጥር ዘላዩ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ወደ መዝገቡ ሄድኩ። የጠፉትን ማንም በቀን ለይቷቸው አያውቅም፤ እኔ ለየኋቸው።

ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት መቶ ትል ነበር። በወጣትነታቸው የጠፉት እኩል ናቸው። ከአሥራ ሁለተኛው ቀን በኋላ፣ በእርጅና ዘመን ማለት ነው፣ ከተራዎቹ የጠፉት አራት ናቸው። ከአርባ አንድ ወገን ግን ሰባ አንድ።

በዚያ ዕድሜ ተራ ትል ግድግዳ መውጣት ቀርቶ አንገቱን ማዞር ያታክተዋል። ታዲያ ግድግዳውን ማን ወጣው? መውጣት የቻለው ነዋ። ሰባ አንዱን ብርቱ በገዛ እጄ አውጥቼ፣ የቀሩትን ደካሞች ቆጠርኩና አርባ አንድ ከተራው አትለይም ብዬ ፈረምኩ። ፊርማዬ እዚያው አለ፤ ደግሞ አምሮበታል።

አሁን ይህን ለሚዛን መንገር አለብኝ። ቅጹ የእሷ ነው፤ በዚያ ቅጽ ነው ስሟን ያገኘችው። በማርያም፣ ምን ብዬ ልጀምር?

ልጅዎ


ታኅሣሥ 14

ለእህቴ ልጅ፣

ያለ ሰላምታ የጻፍሽው ደብዳቤ በሕይወቴ ከተቀበልኳቸው ሁሉ የበለጠ አስደስቶኛል። ልማድ ግን እንዳይሆን።

ለጥያቄሽ፦ እኔ አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የደወል ሰዓት አሥር ደቂቃ እንደሚቀድም ለዲሬክተሩ ነግሬአለሁ። ልክ ነበርኩ። የነገርኩት ግን በመምህራን ስብሰባ መሐል ነበር፤ ሰዓቱን የገዛውም እሱ ነበር። ሁለት ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ወንበር ስቆጥር ከረምኩ፤ ደወሉም አሥር ደቂቃ እየቀደመ ከረመ።

ስለዚህ ብቻዋን ስትሆን ሂጂ። ጠዋት ይሁን። ቁጥሩን ፊቷ አስቀምጪና ዝም በይ። «ቅጹ ስህተት አለበት» አትበያት፤ «ተሳስቼ ነበር» በያት። ውሸት አይደለም፤ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ቅጹን ከሆነ ራሷ ታየዋለች። ካላየችው ደግሞ የምትፈልጊው ሰው አይደለችምና አትዘኚ።

በሩ ተቆልፏል ወይ ብለሽ ካሰብሽ፣ ተቆልፏል። አሁን የምንወጣው በወጥ ቤቱ በኩል ነው። አብሳዩ አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ ስንመለስ ሽንኩርት ያስልጠናል።

አጎትሽ


ጥር 4

ውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከእግር እስከ ራስ፣ ቅንድብዎን ጨምሮ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ሚዛን ወረቀቱን አነበበች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ አሁንም አነበበች። እኔ ተሳስቼ ነበር አልኩ። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም አለችኝ፤ ጥርጣሬው ግን እንቅልፍ የሚነሳ ዓይነት ነው ብላ ስብሰባውን እስከ የካቲት አስተላለፈችው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አይጨመርም።

አዲሱ ሙከራ እንዲህ ነው። የሳህኖቹ ጠርዝ ዙሪያውን ትል የሚጠላው ሰም መሳይ ነገር ተቀብቷል፤ ማንም አይወጣም። ጄሊውን የሚያፈላው ሠራተኛችን ሳህኖቹን ሀ እና ለ ብሎ ከፈላቸው። የትኛው አርባ አንድ እንደሆነ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጽፎ በታሸገ ፖስታ ለሚዛን ሰጥቷታል፣ መሳቢያዋ ውስጥ ተቆልፎበታል። ዓይኔ ለልቤ እንዳያዳላ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እያንዳንዱን ትል በፀጉር ነክቼ ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለውን እጽፋለሁ።

ብሸነፍ ምን እንደምሆን ካሰቡ፣ አላውቅም። ወደ ሌላ ሥራ እሄዳለሁ። ግን ቢያንስ የጠፋ ብዬ የማልፈው አይኖርም።

ልጅዎ


ጥር 22

ለእህቴ ልጅ፣

አዲስ ነገር የለም ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኛል። ስለሌለ ነገር ሁለት ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እንዳልተኛ አውቃለሁ። ምግብሽን ብዪ።

የጥርስ ሐኪሙ በየማለዳው ድልድዩ ላይ ቆሞ ዛሬ ስንተኛ ቀናቸው ነው ይለኛል። የልጅ ልጆቹን ዕድሜ ስጠይቀው ግን በግምት ነው የሚመልስልኝ። አንቺም ትሎቹም የእኔ ብቻ ሳትሆኑ የሁላችን ሆናችኋል። አርባ አንድ ካላሸነፈች ለዘጠኝ ሰው ማስረዳት ስላለብኝ እባክሽ ታሸንፍ።

እኔ ደህና ነኝ። አየሩን አልጽፍልሽም።

አጎትሽ


የካቲት 12

ውድ ጋሼ፣

ቁጭ ብለው ያንብቡት። አይ፣ ቆመው ያንብቡት።

ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ሀ እና ለ እንደማይመሳሰሉ አውቄ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከሀ መቶ ትሎች በራሳቸው የሄዱት ዘጠኝ ናቸው። ከ«ለ» ግን ስልሳ ስምንት። ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፦ ለ ተራዎቹ ቢሆኑስ? አራት ዓመት ያዳከምኩት ጂን ትሎቼን ያደከመ ቢሆንስ? ሚዛን መሳቢያዋን ስትከፍት ቁልፉ እንቢ አላት። ጄሊ የሚያፈላው ተቀብሎ ከፈተላት፤ ፖስታውን ግን ራሷ ቀደደችው፣ ራሷ አነበበች፣ ወረቀቱንም ለእኔ ሰጠችኝ።

ለ አርባ አንድ ናት።

የዕድሜያቸው ልክ ሦስት ቀን ብቻ ነው የረዘመው፤ ከአሥራ ዘጠኝ ወደ ሃያ ሁለት። በብርታት የኖሩት ዘመን ግን እጥፍ ሆኗል። እየተጎተቱ የሚኖሩት ቀን አጠረ፣ ጋሼ። እኔ የምፈልገው ልክ ይህንን ነበር፤ ለመናገር እንኳ እፈራው የነበረውን።

ሚዛን እንኳን ደስ አለሽ አላለችኝም። ሌላ ከተማ ወዳለ ላብራቶሪ ስልክ ደወለችና ትሎቹ እንዲላኩ አዘዘች፤ እኛን የማያውቅ፣ የማይወደን እጅ ይድገመው አለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ውልሽን ዛሬ ፈርሜዋለሁ አለችኝ፤ ልክ መስኮቱን ዝጊው እንደማለት አድርጋ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ሳህን አጠብኩ።

ልጅዎ


የካቲት 23

ለእህቴ ልጅ፣ ለአሸናፊዋ፣

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት ከፈትኩት። ቆሜ ለጥርስ ሐኪሙ ብቻ ማንበብ ጀመርኩ። እሱ አንድ ጆሮው አይሰማምና ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ከፍ ሳደርግ አዳራሹ ሾርባውን አቆመ። «ለ አርባ አንድ ናት» የሚለው ጋ ስደርስ ሐኪሙ ወረቀቱን ነጥቆ ራሱ አነበበው። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡት ጠረጴዛ መቱ። ለትል ይህን ያህል ሲጨበጨብ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ያልወደደው አብሳዩ ብቻ ነበር፣ እሱም ምሳ ላይ ስለ ትል መነሳቱ ስላልጣመው ነው።

አንዲት የቤቱ ነዋሪ እናት ያንን ጂን ለእኛ መቼ ያዳክሙልናል ብላ ጠየቀች። ገና ብዙ እንደሚቀር፣ ሰው የትል ያህል ቀላል እንዳልሆነ ነገርኳት። ግድ የለም፣ እስከዚያ እየተራመድኩ እጠብቃለሁ አለችኝ።

የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዋም አዳራሹ ውስጥ ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ወንበርና ደብተር ይዛ በወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ስንወጣ ቆጠረችን፣ ስንመለስ ቆጠረችን። አሥራ አራት ደርሰናል፤ እናትየዋም አለችበት። የአትክልቱ በር ሰኞ ተከፈተ። ምክንያቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ አልተለጠፈም፤ መሥሪያ ቤት ሲሳሳት እንዲህ ነው የሚናዘዘው።

አለቀሱ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፦ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

አጎትሽ


ሚያዝያ 6

ውድ ጋሼ፣

በሙሉ ሰላምታ፣ በሙሉ ደስታ፣ በሙሉ አክብሮት፤ ለአሥራ አራቱም በየስማቸው ይድረስልኝ።

የሌላው ላብራቶሪ መልስ ትናንት ጠዋት መጣ። የማያውቁን ሰዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን የእኛኑ ቁጥር ይመስላል። ከእነሱ አርባ አንዶች፣ ከመቶው ማለት ነው፣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን የሄዱት ሰባ አንድ ናቸው። ሚዛን ሁላችንንም ኮሪደር ላይ ጠርታ ቆማ አነበበችልን። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፈችና ማንንም ሳታይ እንዲህ አለች፦

«ሠላሳ ዓመት የጣልኩት ብርቱዎቹን ነው።»

ጄሊ የሚያፈላው ድስቱን እንደያዘ ቀረ። እሷ ፊት ላይ ያየሁት ግን ሐፍረት አይደለም፤ ሰው የጠፋበትን ቁልፍ ሲያገኝ የሚሆነውን ነው የሆነችው። እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል፣ ወደ ቢሮዋ ገብታ የድሮ መዝገቦቿን በክንዷ ታቅፋ አወጣች። ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ ተቀምጠን የጠፉትን በዕድሜያቸው ስንለይ ዋልን። እንደ አርባ አንድ ለውጥ የላቸውም ተብለው ከተዘጉት ውስጥ በእርጅናቸው ግድግዳ ሲወጡ የነበሩ አሥራ አንድ ዘሮች አገኘን። አሥራ አንድ ጂን ማለት ነው፣ ጋሼ፤ ምናልባት አሥራ አንድ በር። ጽሑፉ ሲወጣ የቅጹን ስህተት ራሷ በስሟ ልትጽፈው ነው፤ እኔ ልጻፈው ብላት ተቆጣችኝ።

ለመሆኑ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከየት ይገኛሉ ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ከወዲሁ ልመልስ። ትል ሕፃን ሳለ በትክክል በበረዶ ከተያዘ ይቆያል፤ ሚዛን ደግሞ የዘጋችውን እንኳ አትጥልም። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያዋን ዘር አወጣናት። እኔ ገና ሳልወለድ በበረዶ የተያዘች ናት። በረዶው ሲቀልጥ ሳህኑ ላይ አፈሰስናትና ጠበቅን። ሚዛን ማይክሮስኮፑን ለእኔ ለቀቀችልኝ፤ አንቺ እይ አለችኝ።

መጀመሪያ አንዷ ጭራዋን አነቃነቀች። ቀጥሎ ሦስቱ። አሁን ይህን ስጽፍልዎ አርባ ያህሉ እየበሉ ነው፤ ሚዛን ከጎኔ ቆማ ጮክ ብላ እየቆጠረች ስለሆነ ቁጥሩን ካሳሳትኩ ጥፋቱ የእሷ ነው። ልጨርስ፤ አሥሩ ገና ይቀሩናል።

ልጅዎ